የሙሐዲን ጠቋሚ

«አብሽሪ፣ አንዱን ብቻ ነው ያጠፋሁት» አለ አሕመዲን።

ሳጂዳ ከቆዩት የሰርግ ቪዲዮዎች አንዱን የሚል መስሏት ራሷን ነቀነቀች። ወንድሟ ሙሐዲን ከሞተ ወዲህ የቀረጻ ሱቁን የሚከፍተው የአጎታቸው ልጅ አሕመዲን ነው። ሙሐዲን ውጫሌ ሰርግ ቀርጾ ወደ ሐይቅ ከተማ ሲመለስ መኪናው ተገልብጦ ሞተ፤ ካሜራው ተረፈ። የሙሽራዋ ቤተሰቦችም እያፈሩ ቪዲዮውን ጠየቁ።

«የቱን ነው ያጠፋኸው?» አለች፣ ቆይታ።

«የእማን ነዋ። ሁለት ቦታ ነበር። ከፍቼ ሰማኋቸው፣ አንድ ናቸው። ለሰርጉ ቦታ ሲጠበኝ የውስጠኛውን አጠፋሁት። ፊት ለፊት ያለው አለልሽ።»

«እማ» የተባለው ፎልደር ሙሐዲን ለእናታቸው ለመስኡዳ በገዛ ድምፁ የቀዳቸው መንዙማዎች ያሉበት ነው። መስኡዳ የሰደቃው ቀን እሱን እንዲያሰሟት ለምናለች። ሌላ ምንም አልጠየቀችም።

የሱቁን ኮምፒውተር አምጥተው ጓዳ አስገብተውት ነበር። ሳጂዳ ከፊቱ ተቀመጠች።

«አንቺ ልጅ፣ ከሰው መሀል ተነስተሽ ኮምፒውተር ትጎረጉሪያለሽ?» አለች ጎረቤታቸው ዋሲላ በበሩ ብቅ ብላ። «ይሄ ትምህርትሽ ለቅሶ ላይም አያልቅም?»

«መጣሁ፣ እትዬ ዋሲላ።»

«ተያት እስቲ» አለች አንዲት ሴት ከውስጥ፣ ዝቅ ባለ ድምፅ። «ሁሉም እንደሚሆንለት ነው የሚያዝነው።»

ሳጂዳ ትእዛዝ የሚጻፍበትን ጥቁር መስኮት ከፍታ ዝርዝሩን አወጣች። ፋይሎቹ ከነመጠናቸው ከላይ ወደ ታች ተደረደሩ። «እማ» የሚለው ግን ቀይ ነበር። ከስሙ ቀጥሎ ትንሽ ቀስት አለች፤ ቀስቷ የምታመለክተው አሕመዲን ወዳጠፋው ቦታ ነው።

ዩኒቨርሲቲ የገባች ዓመት ለእረፍት መጥታ፣ ይኼው ቀስት አልገባኝም ብላው ነበር። ሙሐዲን የደንበኛ ፍላሽ እያጸዳ፣ ቀና ሳይል መለሰላት።

«አባ የሞተ ጊዜ አስፋልት ዳር ማን ቆመ?»

«አንተ።»

«ለቅሶ ደራሽ ከባጃጅ ሲወርድ ምን አደርግ ነበር?»

«በዚህ ግቡ እያልክ በእጅህ ታሳያለህ።»

«እና እኔ ቤቱ ነኝ?»

«ኧረ አይደለህም።»

«በቃ። ይሄም እንደኔ ነው። ሰው በሱ በኩል ይገባል እንጂ ቤቱ እሱ ጋ የለም።»

«ቤቱ ቢፈርስስ?»

ሳቀ። «አስፋልት ዳር የቆመ ሰው በምን ያውቃል? ማሳየቱን ይቀጥላል።»

«የኮምፒውተሩ መጣያ ውስጥስ የለም?» አለች አሁን ሳጂዳ፣ ወደ አሕመዲን ዞራ።

«እሱንም ባዶ አደረግኩት። ሰርጉ ከባድ ነበር።» አሕመዲን ፊቷን አየ። «ምን አጠፋሁ፣ ሳጂ?»

ያጠፋው ዋናው እንደነበረ፣ ፊት ለፊት ያለው ወደሱ የሚጠቁም ስም ብቻ እንደሆነ ነገረችው። ወለሉ ላይ ቁጭ አለና ጉልበቱን አቀፈ። እሷ የጠፋ የሚፈልግ ፕሮግራም አስነስታ እስከ ከሰዓት ጠበቀች። የተገኘው ሁሉ ስብርባሪ ነው፤ ከፈተችው፣ ድምፅ የለውም። በቦታው ላይ ሰርጉ ሰፍሮበታል።

እናቷ ሰሌን ላይ፣ ሴቶቹ መሀል ነበረች።

«አገኘሽው፣ ልጄ?»

ሳጂዳ «ነገ አሰማሻለሁ» ልትል አሰበች። «የለም፣ እማ። ጠፍቷል» አለች።

በሩ ላይ የቆመው አሕመዲን አንገቱን ደፋ። መስኡዳ መቁጠሪያዋን ሁለት ሦስት ዶቃ አሳለፈች።

«ምንም አልቀረም?»

«ስሙ ብቻ። የነበረበትን ቦታ ያሳያል፤ ቦታው ግን ባዶ ነው።»

«ስሙ አለ?»

«አለ።»

«እንግዲያ እሱን እንዳትነኩት። አሕመዲን፣ አንተም ና ተቀመጥ፣ ምን ያስቆምሃል?»

ከአስፋልቱ በኩል የባጃጅ ጥሩምባ ተሰማ። ዛሬ እዚያ የቆመ ሰው አልነበረም። ሳጂዳ ሻርፗን አስተካክላ ወጣች።

ከውጫሌ የመጡ ሴቶች እየወረዱ ነበር። የታናሺቱ እጅ ላይ የሰርጓ ሂና ገና አልለቀቀም።

«እህቴ» አለች ልጅቷ፣ ዓይኗን ሰብራ፣ «የሙሐዲን ቤት በየት ነው?»

ሳጂዳ እጇን ዘርግታ አሳየቻት። ሴቶቹ በዚያው ገቡ። እሷ ሌላ ባጃጅ እስኪመጣ አስፋልቱ ዳር ቆመች።