ያልተቀናጀ በሬ

ደርግ ወድቆ ጸሎት ቤታችን በግልጽ መዘመር ከጀመረ ወዲህ የቅዱሳንን በዓል ማክበር ትቻለሁ። የሰፈራችን የሐና ማርያም ገበሬ ሁሉ እጁን አጣጥፎ ሲቀመጥ እኔ እሠራለሁ፤ ምን ያህል ቀን እንዳተረፍኩ ለሰው ሁሉ አውርቻለሁ። የረሳሁት ነገር፣ ያለኝ አንድ በሬ ነው። የማርሰው ከጎረቤቴ ከቱሉ ጋር ተቀናጅቼ ሲሆን፣ የቱሉ በሬ ደግሞ ኦርቶዶክስ ነው።

ሐምሌ እያለቀ ነው፤ ጤፉ አሁን ካልተዘራ የዓመት ቀለባችን የለም። በገብርኤል ቱሉና በሬው አረፉ፣ በማግስቱ የቱሉን ማሳ አረስን። ተራዬ ሲደርስ ማርያም ሆነች።

«አንተ ቤተ ክርስቲያን ሂድ፤ በሬህን ብቻ ስጠኝ» አልኩት።

«በሬውም አይጠመድም። ነጋ ወንድሜ፣ በረዶ ልታስመታን ነው?»

አህያዬን ከበሬዬ ከቦራ ጋር ልጠምድ ስነሳ ባለቤቴ ማሚቴ በሬና አህያ አብሮ መጥመድ በኦሪቱ ሕግ ክልክል መሆኑን አስታወሰችኝ። ሰውን ከበሬ ጋር ስለመጥመድ ግን የተጻፈ ነገር አላገኘንም። እልኸኛ ነኝ፤ ቀንበሩ ውስጥ ገባሁ። ማሚቴ ዕርፉንም ጅራፉንም ያዘች፤ ደስ ሳይላት አልቀረም።

ቦራ ይጎትተኛል፣ ጭቃው ላይ እወድቃለሁ፣ እነሳለሁ። ከቤተ ክርስቲያን የሚመለሱ ሴቶች ቆመው አዩን። «እግዜር ያጽናሽ» አሏት ማሚቴን።

ጥቂት ትልም እንደሄድን ትከሻዬ ተላጠ። ጎንበስ ስል የቦራን አንገት በቅርብ አየሁት፤ ቀንበሩ የሚያርፍበት ቦታ ቆስሏል። የቱሉ በሬ በሚያርፍበት ቀን ሁሉ እሱን ግንድ ሳስጎትት ነበር የከረምኩት። ያተረፍኩት ቀን በሙሉ እዚያ አንገት ላይ ነበር። በጣም አፈርኩ፤ ቀንበሩንም ከሁለታችን ላይ አወረድኩ።

ከሰዓት በኋላ ቱሉ ለቁስሉ ቅቤ ይዞ መጣ፤ ለየትኛችን እንደሆነ አልነገረኝም። «ነገ በማለዳ በሬዬን አመጣልሃለሁ» አለ።

ቦራ ተጋድሟል፤ ለሣር እንኳ አልተነሳም።

«ነገ የማን ቀን ነው?» አልኩት።

«ዑራኤል። ግን እኛ አንይዘውም፣ እናርሳለን።»

«ለምንድነው የማትይዙት?» አልኩት ከልቤ ተቆጥቼ።

ቱሉ ግራ ገብቶት አየኝ። «ጤፉስ?»

«ይዘግያ» አልኩት። «እኔና ቦራ እንይዘዋለን።»