ዲያቆኑ የዘለላቸው ሁለት ቃላት

ለሚመለከተው ሁሉ፦ በቧንቧ ሠራተኛው ቤት ለአሥራ ዘጠኝ ዓመት የአባወራው ብቻ ሆኖ የኖረው ትልቁ ኩባያ ካለፈው ማክሰኞ ጀምሮ ለሚስቱ ታናሽ ወንድም መተላለፉ በይፋ ይታወቅ። ይግባኝ የለም።

ወንድምየው የጭነት መኪና ሾፌር ነው። በሃያ ዓመቱ ተጠመቀ፣ በሃያ አንድ ዓመቱ ጠርሙስ ጨበጠ፣ ስምንት ዓመት ከቤተ ክርስቲያን ጠፍቶ ከረመና ማክሰኞ በንስሐ ተመልሶ እህቱ ቤት አረፈ። ጉዱ ምን መሰላችሁ፣ ሁሉም ወደደው። መጋቢው አቅፎት አለቀሰ። እህቱማ የመንገድ ጨዋታውን ስትሰማ ሳቅ እየገደላት ድስቱን አሳረረች።

ቧንቧ ሠራተኛው ደግሞ ዲያቆን ነው። የማጥመቂያውን ገንዳ አጥቦ፣ ሞልቶ፣ ውሃውን ለብ አድርጎ የሚያስረክበው እሱ ነው። በእነዚያ ስምንት ዓመታት አንድ እሑድ አልቀረም። እሱን ግን ማንም አቅፎ አላለቀሰም።

የአባላት ስብሰባ ተጠራ። ባፕቲስቶች ናቸውና ነገሩ የሚያልቀው እጅ በማውጣት ነው፦ የሾፌሩ ስም በአባላት መዝገቡ ላይ ሳይነካ ይቀጥል ወይስ እንደ አዲስ አማኝ ይጠመቅ?

ዲያቆኑ ተነሣ። «ድነት ቅድመ ሁኔታ አለው። እስከ መጨረሻ ያልጸና ሰው ድነቱን ጥሏል። የጣለ ከሀ ይጀምር።»

መጋቢው መነጽሩን አወለቀ። «ወንድሜ፣ አንዴ የዳነ ለዘላለም ድኗል እያልክ አሥር ዓመት ያስተማርከን አንተ አይደለህም እንዴ?»

«በደንብ ሳላጠና ነበር።»

«መቼ አጠናህ?»

«ከማክሰኞ ወዲህ።»

ሾፌሩ ከመቀመጫው ብድግ አለ። «ጋሼ ካሉ እጠመቃለሁ። ከመንገድ ነው የመጣሁት፣ መታጠቡም አይከፋኝ።»

አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። ዲያቆኑ አንጀቱ አረረ፤ የዚህ ሰው ትሕትና እንኳ ይወደድለታል!

መጽሐፍ ቅዱሱን ገለጠ። ከእግዚአብሔር መንግሥት የሚያስቀሩ ሥራዎች የተዘረዘሩበትን ቦታ አውጥቶ፣ ስካር ላይ ሲደርስ ድምፁን ከፍ ሊያደርግ አስቦ፣ ማንበቡን ተያያዘው። ጥል፣ ክርክር፣ ቁጣ እያለ ወረደ። «መግደል፣ ስካር!»

«የኔ ልጅ፣» አሉ ጡረተኛዋ አስተማሪ ጣታቸውን ከመስመሩ ሳያነሡ፣ «ሁለት ዘለልክ።»

«ዓይኔ ነው፣ እትዬ።»

«ምነው ታዲያ ዓይንህ መርጦ ዘለለ?»

እዚህ ቤት ጥቅስ ሲጠራ ሳይገልጥ የሚቀመጥ ሰው የለም። ገጹ በየወንበሩ ተንኮሻኮሸ። ሰዓት ጠጋኙ ከኋላ ቀድሞ አገኘው። «ቅንዓት... እና ምቀኝነት። እንዲያውም ሁለቱም ከስካር በፊት ናቸው።»

በዚህ ጊዜ የሳቀ የለም። ሚስቱ ዞራ አየችው። የተቆጣች አትመስልም፤ እሱን የጨነቀውም ይኸው ነው። ባወጣው ሕግ ከተሄደ ገንዳውን መጀመሪያ የሚሞላው ለራሱ ነው። በዚያ ላይ ሾፌሩ ስካሩን ትቶ መጥቷል፤ እሱ የያዘውን እንደያዘ ቆሟል።

ቀስ ብሎ ተቀመጠ።

«ስሙ ይቀጥል የምትሉ?» አለ መጋቢው።

የመጀመሪያው እጅ የዲያቆኑ ነበር። ጸሐፊዋ እስክሪብቶዋን አንሥታ ቀረች።

«ወንድም ዲያቆን፣ ሐሳብ ሲቀየር ምክንያቱ በቃለ ጉባኤ ይሰፍራል። ምን ብዬ ልጻፍ?»

«ምንም።»

«አንድ መስመር እንኳ...»

«አልናገርም አልኩሽ፣ እህቴ። እጅ ቁጠሪ።»