ምሳሌ ያጣው ካርድ

የ«ጨ» መሳቢያ ተጠናቆ ሊወጣ አንድ ካርድ ቀረው። ከላዩ «ጨመደደ» ይላል፤ ከሥሩ ፍቺው፦ «በእጅ አጥብቆ፣ በኃይል ያዘ»። የምሳሌው ቦታ ግን ባዶ ነው። መዝገበ ቃላት አዘጋጁ መነጽሩን አውልቆ ዓይኑን አሸ። በአሥር ሰዓት የ«ጨ» ካርዶች በሙሉ ማተሚያ ቤት ይገባሉ።

«ጋሼ፣ ከራስዎ አንድ ዓረፍተ ነገር ጣል ያድርጉበትና እንገላገል» አለች ጸሐፊዋ በሩ ላይ ቆማ።

«ከራሴማ አይሆንም» አላት።

ደንቡን ያወጣው እሱ ራሱ ነው። ምሳሌ ሁሉ ከሰው አፍ በጆሮ የተሰማ፣ የተናጋሪው ማንነትና ቀኑ የተጻፈበት መሆን አለበት። ሠላሳ ዓመት ሙሉ አንዲት ምሳሌ ፈጥሮ አያውቅም። ቀድሞማ ምን ችግር ነበረ! ሚስቱ በሕይወት ሳለች ጨዋታዋ አያልቅም ነበር፤ የመሳቢያዎቹ እኩሌታ «ተናጋሪ፦ ባለቤቴ» ይላሉ። አሁን ቤቱ ውስጥ የሚናገረው ራዲዮ ብቻ ነው። ራዲዮ ደግሞ ስለ ዓለም ያወራል እንጂ እሱን አያናግረውም። ዛሬ ጠዋት አውቶቡስ ውስጥ ጆሮውን አቁሞ ነበር፤ ተሳፋሪው ሁሉ ስልኩ ላይ አቀርቅሮ ዝም።

የቀረችው ልጁ ናት። ካኮረፈችው ሁለት ዓመት ሆናት። እናቷ በተቀበረች ቀን፣ ለቀስተኛው ፊት ቆማ እያለቀሰች ስትናገር አንዲት ቃል ተሳሳተች፤ እሱ ሆዬ ጮክ ብሎ አረማት! አፍ ሲያመልጥ፣ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም ይባል የለ? ራሱስ ድሮ ተመልጧል፤ አፉ ያመለጠው ያን ቀን ነው።

ደወለ።

«አባዬ? ምን ሆንክ?»

«ደህና ነኝ። ልጅ ሆነሽ መንገድ ስንሻገር፣ እጅሽን እንዴት አድርጌ ነበር የምይዝሽ?»

ያደገችው ካርድ መሃል ነው፤ አባቷን ታውቀዋለች።

«ለሥራ ነው የደወልከው?»

መዋሸት አልሆነለትም። «አዎ» አላት።

«እሺ፣ ጻፍ» አለች፤ ድምጿ ቀጠነ። «እማዬ ነፍሷ ልትወጣ ስትል እጄን ጨምድዳ ይዛኝ ነበር። የምትጠራው ግን አንተን ነበር። አንተ የሆስፒታሉ ኮሪደር ላይ ካርድ ትሞላለህ። ጻፍከው?»

ስልኩ ተዘጋ።

ጽፎታል። እጁ በልማድ ሁሉንም ጽፎ «ተናጋሪ» የሚለው ጋ ሲደርስ ቆመ። ሚስቱ ስትጠራው እንደነበር እስከ ዛሬ የነገረው የለም።

በአሥር ሰዓት ጸሐፊዋ ስትመጣ እዚያው እንደተቀመጠ አገኘችው።

«ውይ ጋሼ! ምነው ካርዱን እንዲህ ጨምድደው ያዙት? ተበላሸ እኮ!»

ቀና ብሎ አያት። አዲስ ካርድ ሳበና ያለችውን ቃል በቃል ጻፈ፤ የዛሬን ቀን አስገባ፤ «ተናጋሪ፦ የሥራ ባልደረባ»። እሷም እየገረማት ይዛው ሄደች። የተጨማደደውን ካርድ በመዳፉ አቃንቶ የደረት ኪሱ ውስጥ ከተተው። እስክሪብቶውን መሳቢያ ውስጥ ቆለፈበትና እንደገና ደወለ።

ብዙ ጠራ።

«ደግሞ ምን ቃል ጎደለህ?» አለችው።

«ምንም» አላት። ሊቀጥል አፉን ከፈተ። ሠላሳ ዓመት ቃል ሲለቅም ለኖረ ሰው አንዲት እንኳ አልመጣችለትም። ለቅሶው ግን መጣ፤ እሷም ሰማችው።

ስልኩን አልዘጋችውም።