የናዝሬት ጥሪ

ዐያንሌ መጋላ ሰፈር ውስጥ ጨርቅ የሚሸጥ ሰው ነበር። ከሶማሊያ ጋር የተደረገው ጦርነት ካበቃ ብዙም ሳይቆይ ልጁ ቃሊ በሁርሶ ጦር ማሠልጠኛ የሠለጠነ ወታደር አግብታ ናዝሬት ሄደች። ዐያንሌ ወታደር ማግባቷን ጠልቶ፣ ከእንግዲህ ልጄ አይደለሽም ብሎ ነበር የሸኛት። ለጎረቤት ግን ጅቡቲ፣ አክስቷ ዘንድ ልኬያታለሁ አለ። ሰዉም አመነው። ጎረቤቱ መሪያምማ ወደ ጅቡቲ የሚሄድ ሰው እንዳለው በሰማች ቁጥር ለቃሊ ሰላምታ ትልክ ነበር። እሱም ደርሷታል፣ አመስግናሻለች ይላታል።

አንድ ጠዋት ከስልክ ቤት የጥሪ ወረቀት መጣለት። የጠራችው ቃሊ ናት፤ ናዝሬት ሆና ትጠብቀዋለች። ትቶት ሊውል አስቦ ነበር፤ እግሩ ግን ወሰደው።

አዳራሹ ተራ በሚጠብቅ ሰው ተሞልቷል። መሪያምም ጅቡቲ ያለውን ባሏን ልታነጋግር አግዳሚው ላይ ተቀምጣለች። የት እንደሚደውል ጠየቀችው፤ የጭነት ጉዳይ ነው አላት።

ስሙ ሲጠራ ወደ መነጋገሪያው ክፍል ገብቶ በሩን ዘጋ። የልጁ ድምፅ አጠገቡ ያለች ያህል ጥርት ብሎ መጣ።

"ሃሎ፣ አባ?"

"አለሁ" አላት።

"ሃሎ? አባ?"

ቢደጋግምላትም የምትሰማው ነገር የለም። ድምፅዋ ተሰበረ።

"መምጣትህን ነግረውኛል። አሁንም አታናግረኝም ማለት ነው?"

ዐያንሌ ተደናግጦ ወጣ። ኦፕሬተሯ ይርገዱ ወደ ሌላ ክፍል አዛወረችው፤ እዚያም ያው ሆነ። ቴክኒሻኑ ተማም መጥቶ የእጀታውን መናገሪያ ፈታ፣ ጠረገ፣ በአዲስ ቀየረው። ለውጥ የለም። መስመሩን ሲፈትሽ ቆይቶ፣ ስልኩ ደኅና ነው፣ ከዚህ የሚሄደው ድምፅ ነው መንገድ ላይ የሚደክመው አለ። ሌላኛውን መስመር ደግሞ ጦሩ ይዞታል፤ ዛሬ አይለቀቅም። ይርገዱ ከራሷ ሰሌዳ ላይ ጮክ ብላ ስትሞክር ግን ናዝሬት በመጠኑ ሰማት።

"አባባ፣ የሚሉትን ይንገሩኝና እኔ ላድርስልዎት" አለችው። "መጮኼ ግን አይቀርም።"

የተቀመጠችው ከባንኮኒው ኋላ፣ አዳራሹ ሁሉ በሚሰማበት ቦታ ነው። ዐያንሌ በዓይኑ ጠርዝ መሪያምን አየ። ጎንበስ ብሎ፣ ደኅና ነን በያት አላት በሹክሹክታ። ይርገዱ አስተላለፈችለት። ማዳመጫዋን ጫን አድርጋ ሰማች፤ ፊቷ ተለወጠ።

"ራሱ ለምን አይናገርም ትላለች። አራስ ናት፣ ልጇን ታቅፋ ነው የመጣችው። አልፈለገኝም ብላ ልትዘጋ ነው።"

በዚያች ቅጽበት ዐያንሌ በሩን ተመለከተ። መውጣት ይችል ነበር። ባንኮኒውን በሁለት እጁ ያዘ።

"መስመሩ ነው በያት። እኔ እያወራኋት ነው።" ቀጥሎ ያለውን በሹክሹክታ ተናገረ፤ ይርገዱም አልሰማሁዎትም አለችው። ድምፁን ከፍ አደረገ። "በድዬሻለሁ በያት። ባሏንም ልጇንም ይዛ ቤቷ ትምጣ።"

ይርገዱ እየጮኸች አስተላለፈችው፤ አባትሽ በድያታለሁ ይላሉ፣ ባልሽንም ልጅሽንም ይዘሽ ከናዝሬት ነይ። አዳራሹ ውስጥ ያለው ሰው ወደ ዐያንሌ ዞረ። መሪያም ሻሿን እያስተካከለች ወደ መሬት አቀረቀረች። ብትገላምጠው ይሻለው ነበር። ለእሱ አፍራ ፊቷን ማዞሯ ነው አጥንቱ ድረስ የተሰማው።

ይርገዱ ማዳመጫዋን አውልቃ ጆሮው ላይ አደረገችለት። ቃሊ እያለቀሰች፣ እመጣለሁ ትላለች።

ሲወጣ መሪያም ሌላ ነገር ሳታነሣ፣ "ምን ወለደች?" አለችው።

"አልጠየቅኋትም" አላት። ይኼ ደግሞ ሌላ ሐፍረት ሆነበት። በድልድዩ መሄዱን ትቶ፣ ሰው እንዳያገኘው የደረቀውን ወንዝ በአሸዋው ላይ አቋርጦ ቤቱ ገባ።

ቃሊ በባቡር መጣች፣ ልጇን ይዛ ብቻዋን። ባሏን ጦሩ ወደ ሰሜን ልኮታል። ጎረቤቱ ሁሉ ሊጠይቃት ገባ፤ ስለ ጅቡቲ አንድ ሰው አላነሣም። ዐያንሌ ሻይ እያቀረበ ተንጎራደደ እንጂ ከእንግዶቹ ጋር አልተቀመጠም። የቃሊንም ዓይን ለማየት ብዙ ጊዜ ፈጀበት።