ከጠረጴዛው ሥር ያለው ብሎኬት

ሸዋ ሮቢት መናኸሪያ አጠገብ ባለችው ኮፒ ቤት ሩቂያን በፍጥነት የሚስተካከላት አልነበረም። በሁለት ጠቋሚ ጣቶቿ ብቻ፣ ዶሮ ጥሬ እንደምትለቅም የኮምፒዩተሩን ቁልፎች እየለቀመች የገበሬውን ማመልከቻ፣ የነጋዴውን ውል ታደርሳለች። ዓይኗ ግን ከቁልፎቹ አይነሣም፤ አንገቷም እንደ ተደፋ ይውላል። ዘንድሮ የቀኝ እጇ አንጓ እያበጠ፣ ማታ ማታ ጉርሻ ማንሣት እንኳ እምቢ ይላት ጀመር።

ፍርድ ቤቱ የችሎት ጸሐፊ ሊቀጥር ማስታወቂያ ባወጣ ጊዜ ተመዘገበች። ዕድሜያቸውን በታይፕ ጸሐፊነት ያሳለፉት ጎረቤቷ እትዬ እቴነሽ ይህን ሰምተው አንጓዋን ዳበስ አደረጉና፣

«በነዚህ ሁለት ጣቶችሽ ከሄድሽ፣ ሥራው ቢገኝም እጅሽ አይገኝም» አሏት።

ትምህርቱ የተጀመረው ከወንበር ነበር። እግር መሬት ይርገጥ፤ ጀርባ ይደገፍ፤ ትከሻ ይውረድ፤ አንጓ ቀጥ ይበል እንጂ ጠረጴዛው ላይ አይተኛ። የኮምፒዩተሩ ማያ ከዓይኗ ትይዩ እንዲሆን ከሥሩ ካርቶን አስገቡለት። ጠቋሚ ጣቶቿን ትንሽ ጉብታ ባላቸው ሁለት ቁልፎች ላይ፣ የቀሩትን ጣቶቿን ከጎናቸው አስቀመጡና፣ «ቤታቸው ይህ ነው፤ የትም ቢሄዱ እዚህ ይመለሳሉ» አሉ። ከዚያም የገዛ ሻርፗን እጆቿ ላይ ጣል አደረጉባት።

«ወላሂ ምንም አይታየኝም፣ እትዬ!»

«ማን እዪ አለሽ?»

ፈጣኗ ሩቂያ ባንድ ጊዜ የኮፒ ቤቱ ቀርፋፋ ሆነች። የባጃጅ ሹፌሩ ረድዋን ውሉ እስኪጻፍለት ቆሞ ተቁነጠነጠ።

«ምን ነካሽ? እስክትጨርሺ አጣዬ ደርሼ እመለሳለሁ!»

«ደርሰህ ተመለስ፤ ሰውም ጫንበት» አለችው፣ ዓይኗን ከማያው ሳትነቅል።

አንድ የገበያ ቀን ሰው ሲበዛባት ሹልክ ብላ ወደ ሁለቱ ጣቶቿ ተመለሰች። ያን ማታ አንጓዋ እንቅልፍ ነሣት፤ ከዚያ ወዲያ አልተመለሰችም። በየመሐሉ እጇን አሳርፋ በበሩ አሻግራ የምዕራቡን ተራራ መመልከት ለመደች። የማሾው ምርት ገበያ ሲወጣ ጣቶቿ ሳይጠየቁ መንገዳቸውን ያውቁ ነበር።

የፍርድ ቤቱ ፈተና ሥርዓት ቀላል ነው፤ ፈታኙ አቶ አስፋው የምስክር ቃል አንድ ጊዜ ያነባሉ፣ አይደግሙም። ከሁሉ የተሟላና የጠራ ጽሑፍ ያቀረበ ይቀጠራል። ሩቂያ ስትቀመጥ ወንበሩ ከፍ ብሎ እግሯ አየር ላይ ተንጠለጠለ። ቀጥሎ የሚመጣውን ታውቀዋለች፤ ወደ ፊት ትንሸራተታለች፣ አንጓዋ ይታጠፋል፣ ዓይኗም ወደ ቁልፎቹ ይወርዳል። በበሩ ከአጥር ሥራ የተረፉ ብሎኬቶች ይታያሉ። እጇን አወጣች።

«ጋሼ፣ አንድ ብሎኬት ላምጣ?»

አዳራሹ በሳቅ ተሞላ። «ቤት ልትሠሪ ነው?» አሉ አቶ አስፋው።

«አይ፣ እግሬን ላሳርፍበት ነው።»

«ሰዓቱ ደርሷል። አልጠብቅሽም።»

«አይጠብቁኝ፣ ጋሼ።»

ተሸክማ ስትመለስ ንባቡ ተጀምሮ፣ ቁልፎቹ በቆርቆሮ ላይ እንደሚወርድ በረዶ ይንጫጩ ነበር። ብሎኬቱን አስተካክላ እግሯን ስታሳርፍ ትከሻዋ ወረደ፤ የመጀመሪያው ዓረፍተ ነገር ግን አልፎ ሄዷል። ልቧ «ሩጪና ያዢው» አላት። አልሮጠችም። ባዶ መስመር ትታ ድምፁ ከደረሰበት ጀመረች።

ንባቡ በሽንኩርት ማሳ ውኃ ስለ ተጣሉ ሁለት ወንድማማቾች ነበር፤ ጠቡ ሲግል የአቶ አስፋው አነባብም ፈጠነ። ግራ ቀኟ የተቀመጡት አንገታቸውን ከማያ ወደ ቁልፍ ሲያመላልሱ፣ የደከመ እጃቸውን ሲያራግፉ፣ ቃል አመለጣቸው። የሩቂያ ዓይን ያረፈው ግን በአንባቢው አፍ ላይ ነበር።

አቶ አስፋው ወረቀቷን ተቀበሉ።

«መጀመሪያው የት ሄደ?»

«ብሎኬት ሳመጣ አለፈኝ።»

«ከዚያ ወዲያስ?»

«ከዚያ ወዲያ ያለው እጅዎ ላይ ነው።»

መነጽራቸውን አድርገው እስከ ታች አነበቡት። ከዚያ የሌሎቹን አነበቡ፤ መጀመሪያው ያልጎደለው ሁሉ ከመሐሉ ብዙ ጎድሏል።

ሰኞ ጠዋት ሩቂያ ችሎት ስትገባ፣ ያ ብሎኬት ጆንያ ለብሶ ከጠረጴዛዋ ሥር ጠበቃት።

«ጫማሽን እንዳይፍቅብሽ ነው» አሉ አቶ አስፋው፣ ዞር ብለው። «ዛሬስ መጀመሪያውን እንዳታሳልፊ።»

«ኢንሻአላህ፣ ጋሼ» አለች፤ ጣቶቿም ሁለቱን ጉብታዎች ዳስሰው አገኙ። «ዛሬ እግሬ ቀድሞኝ ገብቷል።»