አንቱ የተባለ ውሻ

“ይንኩ።”

አሠልጣኙ መዳፉን ዘርግቶ ከውሻው ራቅ አድርጎ ያዘው። ውሻው ከተቀመጠበት ብድግ አለና መጥቶ እርጥብ አፍንጫውን መዳፉ መሀል ላይ ለጠፈ።

“ጎሽ።”

ወገቡ ላይ ካሰረው ከረጢት የተቀቀለ ጉበት ቆርሶ አጎረሰው። ከዚያ ወደ ቤቱ መስኮቶች ቀና ብሎ ማንም አለመኖሩን አረጋገጠና ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ “ይዩኝ” አለ። ውሻው ጉበቱን አላምጦ ሳይጨርስ አንገቱን አቅንቶ ዓይን ዓይኑን አየው። ዝንብ ጆሮው ላይ አረፈችበት፤ ንቅንቅ አላለም።

ከግቢው በር አጠገብ ካለችው የቆርቆሮ ቤት የዘበኛው ሳቅ ተሰማ።

“እኔን ሚስቴ ይኸው እስከ ዛሬ አንተ እያለች ነው የምታበላኝ” አለ ዘበኛው። “ይሄ ደግሞ አንቱ እየተባለ ጉበት ይጎርሳል። ጉድ እኮ ነው።”

“አንተ በርህን ጠብቅ።”

“ጌታው የሰማ ዕለት ምን ልትለው ነው?”

“እሱ እንዲሰማ አይደል እንዴ የምለፋው?”

ዘበኛው ሳቁን አቆመ። “አንተ ሰውዬ፣ ቂም ይዘሃል።”

መያዙንስ ይዟል። የቤቱ ጌታ ኮንትራክተር ነው፤ በዕድሜ የአሠልጣኙ ልጅ ቢሆን ነው። ገና የመጀመሪያው ቀን በሩን አልፎ ሲገባ፣ “ውሻ ያሠለጥናል የተባልከው አንተ ነህ?” ብሎ ነው የተቀበለው። ሰላምታ የለ፣ ምን የለ። አሠልጣኙ ደግሞ ዕድሜ ልኩን አንተ ሲባል የኖረ ሰው ነበር። ስድስተኛ ክፍል ላይ ጆሮውን ይዞ ያስወጣው መምህር አንተ ብሎታል። የጥበቃ ውሾች ሲያሠለጥን በኖረበት መጋዘን ጸሐፊዎቹ “ውሻ ጎታች” ይሉት ነበር። ጡረታ በወጣ ቀን ሥራ አስኪያጁ እጁን ጨብጦ፣ “በል እንግዲህ ደህና ሁን፤ ስምህ ማን ነበር?” አለው።

ይኼኛውንም እንደ ሌሎቹ ውጦት ያልፍ ነበር፣ ዘበኛው ባይኖር። ዘበኛው በዕድሜ ያንሰዋል፤ ፀጉሩ ግን ያለ ጊዜው ጥጥ መስሏል። ኮንትራክተሩ መኪናውን በሩ ላይ ሲያቆም፣ “አባባ፣ ይክፈቱልኝ እስቲ” ይለዋል። ገብቶ ከመኪናው ሲወርድ ደግሞ በዚያው አፉ፣ “አንተ፣ ውሻውን ያዘው፣ ልብሴን እንዳይነካ” ይላል። አሠልጣኙ ነገሩ የሽበት ከሆነ ብሎ ጢሙን ማሳደግ ጀመረ። ነጩ ወጣ። ኮንትራክተሩም አላለፈውም፤ አየው።

“አንተ፣ ተላጭ እንጂ” አለው። “ቤቴ ሰው ይመጣል።”

ትእዛዞቹን በአንቱታ ለማስተማር የወሰነው ያን ዕለት ነው፤ እስከዚያ ውሻውን በገመድ መሄድ ብቻ ነበር ያለማመደው። ውሻ የሰው ቋንቋ አያውቅም። “እየኝ” ቢባል “ይዩኝ” ቢባል ለእሱ ድምፅ ነው፤ የሚሰማው ጉበት ያገኘበትን ድምፅ ብቻ ነው። “እየኝ” ተብሎ ጎርሶ የማያውቅ ውሻ “እየኝ”ን ከነፋስ አይለየውም። ስለዚህ ኮንትራክተሩ በእንግዶቹ ፊት ይጠራዋል፣ ውሻው ዛፍ ያያል። ያኔ አሠልጣኙ ቀረብ ብሎ በትሕትና፣ “ጌታዬ፣ ይህ ውሻ አንቱ ካልተባለ አይሰማም” ይለዋል። ኮንትራክተሩ ለእሱ የነፈገውን አንቱታ ሰው እያየው ለውሻ ይሰጣል። ያፍራል። ካፈረ በኋላ ደግሞ፣ ማን ያውቃል፣ ዞር ብሎ እሱንም “እርስዎ” ይለው ይሆናል። አንድ ጊዜ ብቻ። ከዚያ በላይ አልፈለገም።

እሑድ ከሰዓት በኋላ እንግዶቹ መጡ፤ አንድ መሐንዲስና ሚስቱ። ወንበሮች ሣሩ ላይ ወጡ። ኮንትራክተሩ እጅጌውን ሰብስቦ መሀል ቆመ፤ አሠልጣኙ ውሻውን አስቀምጦ ወደ አጥሩ ፈቀቅ አለ። ጥላ አልነበረውም፤ ፀሐዩ አናቱ ላይ ነው።

“ስሙ ጄኔራል ነው” አለ ኮንትራክተሩ። “አሁን ተመልከቱ። ጄኔራል፣ እየኝ።”

ጄኔራል አዛጋ።

“እየኝ!”

ጄኔራል አጥሩ ላይ የምትሄድ ድመት አየ።

“ተናዶብህ ይሆናል” አለ መሐንዲሱ። “ማታ እራት ከልክለኸዋል እንዴ?”

“ቆይ። ጄኔራል፣ ና ንካ።” ኮንትራክተሩ መዳፉን ዘረጋ። ውሻው ሣሩን አሸተተ።

“ሲሚንቶ ሸቶት ነው” አለች የመሐንዲሱ ሚስት፤ ባልና ሚስቱ ተሳሳቁ።

አሠልጣኙ መሬት መሬት እያየ ነበር። ደስታው ፊቱ ላይ እንዳይነበብ ከንፈሩን ነከሰ። የኮንትራክተሩ አንገት ሲቀላ አየ። ይቅላ። ትንሽ ይቅላ። ዓረፍተ ነገሩን አፉ ውስጥ አዘጋጅቶ ጨርሷል።

“አንተ፣ ምንድን ነው ያስተማርከው?” አለ ኮንትራክተሩ።

አሠልጣኙ ጉሮሮውን ጠረገ። ነገር ግን የኮንትራክተሩ ሚስት ቀደመችው። ውሃ በብርጭቆ ይዛ ከቤት እየወጣች ነበር፤ ከዚህ ቤት እሱን የምታከብር እሷ ብቻ ነበረች።

“አባባ፣ ምነው ፀሐይ ላይ ቆሙ?” አለችው። “ኧረ ወደዚህ ይዩኝ፤ ውሃ ይዤልዎታለሁ።”

ጄኔራል እንደ ተጠራ ወታደር ዞረ። ተቀመጠ። ዓይኑን የሴትየዋ ዓይን ላይ ተከለ።

“ምን ሆኖ ነው እንዲህ የሚያየኝ?” አለች ሚስትየው፣ ብርጭቆውን ደረቷ ላይ ይዛ።

ነገሩ የገባው ለመሐንዲሱ ነው። “ይዩኝ ስላልሽ ነዋ” አለ። “አንቱ ብለሽው እኮ ነው። እስቲ አንተም እንደ እሷ በለው።”

ኮንትራክተሩ አሠልጣኙን አየው፤ ረጅም አስተያየት ነበር። ከዚያ ወደ ውሻው ዞረ።

“ይዩኝ” አለ።

ጄኔራል አየው።

አሠልጣኙ ስንት ሌሊት ተኝቶ ያሰባት ደቂቃ ይህች ነበረች። ኮንትራክተሩ ግን አላፈረም። መጀመሪያ ትከሻው ተንቀጠቀጠ፤ ከዚያ ሆዱን ይዞ ሣቀ፤ እንባው እስኪመጣ ሣቀ።

“ጄኔራል ነዋ!” አለ። “ጄኔራልን አንተ ብዬ ስጠራው እንዴት ይሰማኛል? ጥፋቱ የእኔ ነው። ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ ክቡር ጄኔራል። ይንኩ እስቲ።”

ጄኔራል መዳፉን ነካ። እንግዶቹ አጨበጨቡ። የመሐንዲሱ ሚስት ተነሥታ፣ “እኔንም ይንኩኝ፣ ጌታዬ” አለች፤ ነካት። መሐንዲሱም ተነሣ። ውሻው ከአንዱ ወደ አንዱ እየተመላለሰ አንቱታውን ጠገበ።

“ይህን የመሰለ አይቼ አላውቅም” አለ መሐንዲሱ። ቀጥሎ አገጩን ወደ አሠልጣኙ ወርወር አደረገ። “እሱንስ በምን ነው የምትጠሩት?”

“እሱማ በአንተ ይሰማል” አለ ኮንትራክተሩ። “ላሳይህ። አንተ! ያን ወንበር ወደ ጥላው ውሰደው።”

አሠልጣኙ ወንበሩን አነሣ። ሁለት እርምጃ ከሄደ በኋላ ነው ያደረገው ነገር የገባው። እግሩ ቀድሞት ነበር። ወንበሩን እንደ ያዘ መሀል ሣሩ ላይ ቆመ። መመለስም አይሆን፣ መጣልም አይሆን። ወስዶ ጥላው ሥር አስቀመጠው።

“አየህ?” አለ ኮንትራክተሩ። “አንዴ ብቻ ነው የጠራሁት። ጉበትም አላስፈለገው።”

የመሐንዲሱ ሚስት አፏን በእጇ ሸፈነች። እየሣቀች ነበር።

“በል ጄኔራሉን ወደ ጓሮ ውሰዳቸው፣ ይረፉ” አለው ኮንትራክተሩ ዓይኑን እየጠረገ። “ቅዳሜ ትልልቅ ሰዎች ይመጣሉ። ይህችኑ ነው የማሳያቸው። እንዳታሳፍረኝ፣ ሰማህ?”

“ሰምቻለሁ፣ ጌታዬ።”

ሚስትየው ብርጭቆውን እንደ ያዘች እስከ ቤቱ ማዕዘን ተከተለችው።

“አባባ፣ እባክዎ አይቀየሙት። ጨዋታ ሲይዝ እንዲህ ነው።”

“ኧረ ምንም አይደል፣ እመቤቴ።”

“ውሃውን እንኳ ይጠጡ።”

ጠጣ። ብርጭቆውን መለሰላት። የእሷ “እርስዎ” ግን አልተቆጠረለትም። እሱ የፈለገው ከዚያኛው አፍ ነበር፤ ከዚያኛው አፍ የወጣውን ደግሞ ውሻው ወስዶታል።

ጓሮው ውስጥ የውሃ ታንከርና የተከመረ ብሎኬት አለ። አሠልጣኙ ውሻውን ብሎኬቱ ሥር አስቀመጠና ፊት ለፊቱ ቆመ። ከሣሩ በኩል ሣቁ ይሰማል። መሐንዲሱ፣ “አንተ! ወንበር!” ሲል ሌሎቹ እንደገና በሣቅ ይፈርሳሉ።

በዚህ ሥራ ውስጥ እሱ የሚያውቀው፣ አድርጎት ግን የማያውቀው አንድ ነገር ነበር። ቃል ይመረዛል። ጉበት ሲያበላ የኖረ ቃል ደጋግሞ ምት ካስከተለ፣ ከዚያ ወዲያ ያ ቃል ሲጠራ ውሻው ጆሮውን ይጥላል፣ ሆዱን ከመሬት ያጣብቃል፣ አንዳንዱም ሽንቱን ይለቃል። መጋዘን ሳለ አንድ ሰካራም ጠባቂ እንዲህ አድርጎ ጥሩ ጥሩ ውሾች አበላሽቷል። አሠልጣኙ ያን ሰው እስኪሞት ድረስ ሰላምታ ነሥቶታል።

ቅዳሜ። ትልልቆቹ ሰዎች ተቀምጠዋል። ኮንትራክተሩ እጅጌውን ይሰበስባል። “ክቡር ጄኔራል፣ ይዩኝ” ይላል። ጄኔራሉም እግሩ ሥር ተልኮስኩሶ ጫማውን በሽንቱ ያርሰዋል።

አሠልጣኙ ግራ ቀኙን አየ። ማንም የለም። ድምፁን ወፈር፣ ረዘም አድርጎ፣ ልክ እንደ ኮንትራክተሩ፣ “ይዩኝ” አለ።

ውሻው አየው።

እጁን ለጥፊ አነሣ። መዳፉ እንደ ተዘረጋ አየር ላይ ቆመ። የውሻው ጅራት መሬቱን መታ መታ አደረገ፤ ወዲያው በኋለኛ እግሮቹ ተንጠራርቶ እርጥብ አፍንጫውን መዳፉ መሀል ላይ ለጠፈ። ተመልሶም ተቀመጠ፤ ዓይኑን ዓይኑ ላይ ተክሎ “ጎሽ” እስኪባል ጠበቀ።

አሠልጣኙ እጁን አወረደ። እርጥቡን ሱሪው ላይ ጠረገ። እጁን ወደ ከረጢቱ ሊሰድ ብሎ ተወው።

መዳፍ አይሆንም፤ መዳፍን ይወደዋል።

ጣቶቹን አንድ በአንድ አጠፈና ጨበጠ።

“ይዩኝ” አለ።