ርካሹ ብሬድቦርድ

"ጋሼ፣ አይተው ይግዙ፤ ወስዶ መመለስ የለም" አለ ሻጩ፣ ሰሌዳውን ባንኮኒው ላይ እያስቀመጠ።

ፀጉር አስተካካዩ ሰሌዳውን አገላበጠው። ወንፊት እስኪመስል በቀዳዳ የተሞላ ነጭ ፕላስቲክ ነው። ብሬድቦርድ ይሉታል፤ ያለ ብየዳ ሽቦ እየሰኩና እየነቀሉ የሚሞክሩበት። እዚህ የደረሰው ሁለት ሱቅ ዞሮ ነው። አንደኛው "ከነሙሉ ዕቃው ካልሆነ አንሸጥም" አለው፤ ሌላው የጠራበት ዋጋ ደግሞ ቴሌቪዥን ሊገዛ የመጣ አስመሰለው።

"ከዚያኛው በምን ይለያል?" አለ፣ መደርደሪያው ላይ ወዳለው ውድ ሰሌዳ በአገጩ እያመለከተ።

"በዋጋ። ሥራቸው እንደሆነ ያው ሽቦ መያዝ ነው።"

ርካሹን ገዛ። ምን ያድርግ? የአሮጌው ሰሌዳ ቀዳዳዎች ላልተው ሽቦ አልይዝ ብለዋል፤ ፀጉር ቤቱ የሚዘጋው ሰኞ ብቻ ነው፤ ሰኞ ደግሞ ዛሬ ነው።

ቤት ሲደርስ ታላቅ እህቱ ቦርሳዋን አንግታ በር ላይ ጠበቀችው። ፋርማሲ ነው የምትሠራው፤ እናታቸውን የሚጠብቁት ሁለቱ በፈረቃ ነው።

"አረፈድክብኝ" አለችው። "እስከ ማታ ነው ያልኩህ። ካልጮኸ ከነገ ጀምሮ እቆልፋለሁ።"

"ይጮኻል፣ እትዬ።"

"ባለፈውም ይጮኻል ብለህ ነበር።"

ወጣች። መቆለፍ የምትለው በሩን በእናታቸው ላይ ነው። እናቱ ከቤት እየወጣች መጥፋት ከጀመረች ወራት አልፈዋል፤ ዞር ሲሉ ወንበሯ ባዶ ይሆናል። ባለፈው ሳምንት መኪና ለጥቂት ነው የሳታት። እህቱ አንድ ቀን ቆልፋባት ነበር። እናቱ "ምን አጠፋሁ?" እያለች እጇ እስኪያብጥ በሩን ስትደበድብ ዋለች። እሱ ያንን ዳግመኛ ከሚያይ ሞቱን ይመርጣል። ስለዚህ በሩ ሲከፈት የሚጮህ ደወል እሠራለሁ ብሎ ተነሳ። በሩ ላይ መከፈቱን የሚለየውን ማግኔት ገጥሟል፤ ሽቦውንም በግድግዳው ጥግ ጥግ እስከ ጓዳው ጠረጴዛ ስቧል። የቀረው ደወሉን ማስጮህ ነበር።

እናቱ ሳሎን ተቀምጣ ቀና ብላ አየችው። "እርስዎ ማን ነዎት?"

"ልጅሽ ነኝ፣ እማዬ።"

"ልጄማ ሥራ ላይ ነው" አለች፣ በሙሉ ልብ።

ጉንጯን ሳማትና ወደ ጓዳው ገባ። ባትሪውን፣ ደወሉን፣ ከበሩ የመጣውን ሽቦ በየቀዳዳቸው ሰካ። በሩን ከፍቶ ሞከረ። ጭጭ። በሩን ዘግቶ ተመለሰና ባትሪውን በቴስተር ለካ፤ ደህና ነው። ደወሉን ገልብጦ ሰካው። አሁንም ጭጭ። ሁሉንም ነቅሎ እንደገና ከሀ ጀመረ። አንገቱ ደነዘዘ፣ ላቡ በመነጽሩ ላይ ተንጠባጠበ። አሁንስ ሰሌዳውን በመስኮት ሊወረውረው ምንም አልቀረውም። ከሳሎን የሚጣራ ድምፅ ሰማ።

"መጣሁ!" አለ፣ ዓይኑን ሳያነሳ።

አልሄደም። ምክንያቱም ያኔ ነው ያየው። በሰሌዳው ዳር የተሰመረው ቀይ መስመር መሃል ላይ ተቋርጧል። በአሮጌው ሰሌዳ ላይ መስመሩ ሙሉ ነበር፤ ባትሪ አንዱ ጫፍ ላይ ከተሰካ ኃይሉ እስከ ሌላው ጫፍ ይደርሳል። በዚህኛው ግን ከሥር ያለውም ብረት መሃል ላይ ተቆርጧል ማለት ነው። ስንት ሰዓት ሙሉ ባትሪውን በአንዱ ግማሽ፣ ደወሉን በሌላው ግማሽ እየሰካ ራሱን ሲሰድብ ኖሯል!

"በዋጋ ነው የሚለያዩት፣ አይደል?" አለ ጥርሱን ነክሶ። አጭር ሽቦ ቆረጠና ሁለቱን ግማሾች አገናኘ።

ደወሉ ጓዳውን ቀወጠው።

ፀጉር አስተካካዩ ብቻውን አጨበጨበ። ደወሉ ግን አላቆመም። ፈገግታው ጠፋ። አንዱን ሽቦ ነካ አደረገ፣ ሌላውን ነቅሎ መልሶ ሰካ፣ ሰሌዳውን በጣቱ ጠበጠበው። "ይሄ ደግሞ አበደ!" አለ። ሻጩን ረገመ፣ ፋብሪካውን ረገመ፣ ርካሽ ነገር የሚወድ ራሱን ረገመ። እንደገና ቴስተሩን አነሳ። ያኔ እጁ ባለበት ቀረ።

ደወሉ አላበደም። የሚጮኸው በሩ ክፍት ስለሆነ ነው።

በነጠላ ጫማው ሮጠ። ሳሎኑ ባዶ፣ በሩ ወለል ብሎ ተከፍቷል። ደረጃውን ሳይጨርስ እህቱን አያት። እናታቸውን ክንዷን ይዛ እየመጣች ነው።

"ከሥራ ስመለስ አስፋልቱን ልትሻገር ስትል ደረስኩባት" አለች። "አንተ የት ነበርክ?"

"ቤት።"

እናቱ እጁን ለሰላምታ ጨበጠችው። "ልጄን ልፈልግ ብዬ ነው የወጣሁት" አለችው። "ቤት ውስጥ ሰው የለም። ብጣራ፣ ብጣራ፣ የሚመጣ ጠፋ።"

አፈረ። ደግፎ አስገባትና በሩን ዘጋ። ደወሉ ጸጥ አለ።

እህቱ የተዘጋውን በር፣ ከዚያ እሱን አየች። "ሠርቷል ማለት ነው" አለች። "እንግዲህ ቃሌ ቃል ነው፤ አልቆልፍም።"

ይህንን ለመስማት ነበር ቀኑን ሙሉ የለፋው። ጓዳ ገባና ጠረጴዛውን ይጎትት ጀመር።

"ምን ልትሆን ነው?"

"ወደ ሳሎን፣ እማዬ ወዳለችበት ላወጣው ነው።"

"ሳሎኑን የሽቦ መጋዘን ልታደርገው?"

"አዎ።"

ጠረጴዛው በጓዳው በር አላልፍ አለ። ላዩ ያለውን ሰሌዳና ሽቦ ሁሉ ወለሉ ላይ አወረደ። በጎኑ አዞረው፤ እምቢ አለ። አቁሞ ሞከረው፤ ያው ነው። ላዩ ያለውን ሰሌዳና ሽቦ ሁሉ ወለሉ ላይ አወረደ። ከዚያ ጠረጴዛውን ገልብጦ ተንበረከከና የመጀመሪያውን እግር ብሎን ይፈታ ጀመር።